ካርድ እህል አያበቅልም፦ «ራሽን ይመለስ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ራሽን ይመለስ» የሚል ጽሑፍ በየስልካችን ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ከዘመድም፣ ከሥራ ባልደረባም፣ ከዕድራችን ግሩፕም ደረሰኝ። የላኩልኝ ሰዎች ብዙዎቹ «እውነቱን ነው» የምትል ቃል ጣል አድርገውበታል። ጽሑፉ ጥሩ ጽሑፍ ነው። የኑሮ ውድነት ያንገበገበው ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ቁጣውን እጋራለሁ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ነገር ላይ ግን አልስማማም።

ያላሉትን አሉ እንዳልል መጀመሪያ ሐሳባቸውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት አገር ጦርነት ውስጥ ስትሆን ምግብን ለገበያ መተው ኃላፊነት የጎደለው ነገር ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምግብን በካርድ አከፋፍለው ሀብታሙንም ድሃውንም እኩል አበሉ፤ ሕዝቡም ጤነኛ ሆኖ ወጣ። እኛም በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ነበረን፤ በ17ቱ የጦርነት ዓመታት አዲስ አበባ አልተራበችም። ገበሬውም ቢሆን ለአገሩ የበኩሉን አዋጣ እንጂ አልተጎዳም። ራሽን ስግብግብ ነጋዴን አደብ ያስገዛል። የካድሬ አድልዎ የሚባለው ችግር ደግሞ ዛሬ በፋይዳ መታወቂያ ይቀረፋል። ይኸው ነው። አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም።

ከእንግሊዝ ልጀምር፤ ጽሑፉ የቆመው እሷ ላይ ነውና።

እንግሊዝ ራሽን የጀመረችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1940 ነው። መጀመሪያ ካርድ ውስጥ የገቡት የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ቅቤና ስኳር ናቸው። በዚያው ዓመት ሌላው ሥጋና ሻይም ተጨመሩ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለብቻቸው አረንጓዴ ደብተር ነበራቸው። በእሱ በቀን ከግማሽ ሊትር በለጥ ያለ ወተት በርካሽ፣ አቅም ለሌላቸው ደግሞ በነፃ ያገኙ ነበር። የብርቱካን ጭማቂና የዓሣ ዘይትም ነበረው። ይህን ጸሐፊው ማንሳታቸው ልክ ነው። በጦርነት መሃል ለእርጉዝ ሴት ወተት ያሰበ መንግሥት ሊመሰገን ይገባል።

ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለሉ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ እንግሊዝ ውስጥ ዳቦ ራሽን አልነበረም። ድንችም አልነበረም። ሆድ የሚሞላውን ነገር ማንም ሰው ገንዘቡን ይዞ ሄዶ የፈለገውን ያህል ይገዛ ነበር። ወደ እኛ ማዕድ ስናመጣው እንጀራውን ለገበያ ትቶ ቅቤውን፣ ሥጋውንና ስኳሩን በካርድ እንደ መስጠት ነው። ዳቦው ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ከ1942 ጀምሮ ዱቄቱ ከነፉርሽካው ስለሚፈጭ ግራጫ ነበር፤ ሕዝቡም አጉረምርሟል። ቢሆንም ዳቦ ነበር። ዳቦ ካርድ ውስጥ የገባው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1946 ነው፤ የወጣው በ1948። የመጨረሻው የሥጋ ራሽን የተነሳው ደግሞ በጁላይ 1954 ነው። ሂትለር ከሞተ 9 ዓመት አልፎታል። «ለጊዜው ነው» የሚለውን ቃል ስንሰማ ይቺን ቀን ማስታወስ አይከፋም።

ዳቦው እንዴት በገበያ ላይ ቆየ? ሁለት ነገር ነበራቸው። አንደኛው መርከብ ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እያደኗቸውም ቢሆን ከካናዳና ከአሜሪካ ስንዴ ይገባ ነበር። ሁለተኛው ገበሬው ነው። ጦርነቱ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት፣ በ1939፣ የግጦሽ መሬቱን አርሶ ለሚዘራ ገበሬ መንግሥት በኤከር 2 ፓውንድ መክፈል ጀመረ። በጦርነቱ ዘመንም ለምርቱ ዋስትና ያለው ጥሩ ዋጋ ይከፈለው ነበር። ለሸማቹ ምግብ እንዳይወደድ ልዩነቱን የሸፈነው የመንግሥት ካዝና ነው። ማለትም ድጎማው የወጣው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው። ከገበሬው ጎተራ አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ እኛ ስንመጣ ያስፈልገናል።

«እኩል» የሚለውም ቢሆን ተንጋዶ የቀረበ ነው። ሆቴል ገብቶ ለሚበላ ሰው ካርድ አያስፈልገውም ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ካርዱን ቤቱ አስቀምጦ ሬስቶራንት ይበላል። ቅሬታው ሲበዛ በ1942 አንድ የሆቴል ምሳ ከ5 ሽልንግ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሆቴሎቹም የጠረጴዛ ክፍያና የሙዚቃ ክፍያ እያሉ ዘዴ አላጡም። የሰው ልጅ ያው ነው።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ጸሐፊው ስለ ቤንጋል አንድ ቃል አለመተንፈሳቸው ነው። ጊዜው 1943 ነው። ያው ጦርነት፣ ያው የእንግሊዝ መንግሥት፣ የራሱ ግዛት በሆነችው ሕንድ ውስጥ። 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው በረሃብና ረሃብ ባመጣው በሽታ አለቀ። ካልካታ ከተማ ውስጥ ለጦርነቱ በሚያመርቱ ፋብሪካዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሠራው ሰው ሩዝ በቅናሽ እንዲያገኝ ቅድሚያ ተሰጥቶት ነበር። የገጠሩ ሰው ግን እየተሰደደ መጥቶ በዚያችው ከተማ መንገድ ላይ ሞተ። የለንደኗ እናት ወተት አግኝታለች፤ እውነት ነው። የቤንጋሏ እናትም በዚያው መንግሥት ሥር ነበረች።

አሁን ወደ ራሳችን።

እኔ ያደግኩት ኮተቤ ነው። ኮተቤን ዛሬ ከተማው ውጦታል፤ በዚያን ጊዜ ግን የአዲስ አበባ ጫፍ ነበር። የኛ ቤት የቤት ቁጥርና የራሽን ካርድ ነበረው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች የገበሬ ማኅበር አባላት ናቸው። እነሱ ካርድ የላቸውም፤ ኮታ አለባቸው። መሃላችን ያለው ወንዝ ክረምት ካልሆነ ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

ጸሐፊው የቀበሌ ሱቅን በናፍቆት ያነሱታል። ናፍቆታቸው አይገርመኝም። «ስኳር መጣ!» የሚል ጩኸት ሰፈሩን ሲያናውጠው እኔም ትዝ ይለኛል። ገና ሌሊት ነው ሰልፉ የሚያዘው። ሰው ብርድ ስለሚፈራ ድንጋይ፣ የተቀደደ ዘንቢል፣ አንድ እግር ጫማ ተራ ይይዝለታል። ሲነጋ ባለቤቶቹ ይመጣሉ፤ «ይቺ ድንጋይ የኔ ናት» በሚል ጠብ ይነሳል። ሳሙናው፣ ላምባው፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ ርካሽ ነበር። የመንግሥት ደመወዝተኛ ለሆነና ብዙ ልጅ ላለው ሰው የቀበሌ ሱቅ እውነተኛ እፎይታ ነበር። ይህን የሚክድ ሰው በዚያ ዘመን አልኖረም።

እህሉ ግን ሌላ ነው። በኛ ቀበሌ ጤፍ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የሚበዛው ስንዴና በቆሎ ነው፤ አንዳንዴም ነቀዝ የጀመረው። እናቴ በቆሎውን ከጤፍ ጋር ደባልቃ ትጋግራለች። እንጀራው ለምሳ ጥሩ ነው፤ ለራት ሲደርስ ይሰባበራል። በካርዱ የሚመጣው ወሩን አያደርስም። ታዲያ አዲስ አበባ ካልተራበች ምን በላች? የጎደለውን የሞላው ጸሐፊው የሚያወግዙት ገበያ ነው። ያውም በድብቅ ጭምር።

ኬላውን የሚያስታውስ ይኖራል። ከሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከዱከም ወደ ከተማ በሚያስገቡት መንገዶች አውቶቡስ ይቆምና ይፈተሻል። እህል ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንደ ልብ ማዘዋወር ክልክል ነበር። አክስቴ ለክርስትና ስትመጣ ሁለት ትራስ ይዛ ነበር የመጣችው። ፈታሹ አንዱን ጨበጥ አድርጎ «ይሄ ጥጥ እንዴት ነው እንዲህ የከበደው?» አላት። «የበግ ጠጉር ነው ጌታዬ፤ ዝናብ መቶት ነው» አለች። ነጭ ጤፍ ነበር። ፈታሹ ይወቅ አይወቅ እንጃ፤ አሳለፋት። ሌሎች ግን ተወርሶባቸው እያለቀሱ ሲገቡ አይተናል። ለዘመድ በተጫነ አንድ ቁና ጤፍ ሰው ኮንትሮባንዲስት ይባል ነበር።

ገበሬው አልተጎዳም ወደሚለው እንሂድ። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ይሄኛው ነው።

ኮታ ማለት እንዲህ ነበር። እህል የሚገዛው የመንግሥት ድርጅት ለየአካባቢው መጠን ይቆርጣል። የገበሬ ማኅበሩ ያንን ለአባላቱ ያከፋፍላል። ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነው። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ዋጋ ነው፤ ገበያው ከዚያ ብዙ እጥፍ ርቆ ሲሄድ እንኳ ባለበት ይቆያል። ዝናብ ቀርቶ ማሳው ያላበቀለለት ገበሬስ? ኮታው ይጠብቀዋል። ስለዚህ በግ ወይም ጥጃ ይሸጥና ገበያ ወጥቶ እህል ይገዛል። የገዛውን በውድ፣ ለመንግሥት የሚያስረክበውን በርካሽ። ይህ እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ በሸዋም፣ በጎጃምም፣ በአርሲም የነበረ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ከወንዙ ማዶ ያርሱ የነበሩ አንድ አባት ወተት ሲያመጡልን እናቴን ስኳር ይጠይቋት ነበር። ስኳር በካርድ ነው፤ እሳቸው ካርድ የላቸውም። እኛ በርካሽ ያገኘነው ስንዴ ከማን ጎተራ እንደወጣ ማንም አልነገረንም። ወንዙን ብንሻገር እናገኘው ነበር።

እንግዲህ ቅድም ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል። እንግሊዝ ለገበሬዋ ጨምራ ከፈለች፤ ልዩነቱን ካዝናዋ ቻለ። ደርግ ለገበሬው ቀንሶ ከፈለ፤ ልዩነቱን የቻለው ገበሬው ራሱ ነው። ሁለቱም ካርድ ነበራቸው፣ ሁለቱም ሰልፍ ነበራቸው፣ ሁለቱንም «ራሽን» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ይቻላል። ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ ምርት ጨመረ። በሌላኛው ጊዜ አራሽ ትርፍ ቢያመርት ኮታው እንደሚጨመርበት ስላወቀ ለቤቱ የሚበቃውን ዘርቶ ተቀመጠ፤ ያመረተውንም ደበቀ። ማን ይፈርድበታል?

«ለአገሩ አዋጣ» ይላሉ ጸሐፊው። መዋጮ ከሁሉም ሲሰበሰብ መዋጮ ነው። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» በተባለበት ዘመን ገበሬው ልጁንም ሰጥቷል። ልጁንም እህሉንም የሰጠ ሰው ስኳር አላገኘም።

አዲስ አበባ አልተራበችም የሚለውንም አልቀበልም አልልም። እውነት ነው፤ ከተማዋ በአንጻሩ ተርፋለች። የተረፈችበትን መንገድ ግን እንይ። በመንግሥት እጅ የገባው እህል በቅድሚያ የሚሄደው ለሠራዊቱ፣ ለመንግሥት ተቋማትና ለከተማ ቀበሌዎች ነበር። በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት እዚህ በድምቀት ሲከበር ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር። ረሃቡን ራሽን አመጣው አልልም። ድርቅ ነበር፣ ጦርነት ነበር፣ መደበቁም ነበር። ግን «በራሽን ዘመን የተራበ የለም» ለማለት ኢትዮጵያን ከአዲስ አበባ ኬላ ማዶ ማየት የለብንም። ደርግ ራሱም በመጨረሻ አልቆመበትም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ኮታውንም፣ የእህል ዝውውር ክልከላውንም አነሳ። ያውም ጦርነቱ በጋለበት ሰዓት። ራሽንን እስከ መጨረሻው የሞከረው መንግሥት በጦርነት መሃል የተወውን ነገር፣ ጸሐፊው ለጦርነት ይበጃል ብለው ሊመልሱልን ነው።

ነጋዴውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሸቀጥ ደብቆ ዋጋ የሚያንር፣ አየር በአየር የሚነግድ ሰው የለም የሚል የዋህ አይደለሁም። አለ። ይቀጣ። ነገር ግን በካርድና በገበያ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ነጋዴ ይፈጥራል። በኛ ሰፈር የካርዱን ስኳር ሸጠው ጤፍ የሚገዙ ድሆች ነበሩ። ከእነሱ የሚገዛው ሰው ደግሞ አትርፎ ለጠጅ ቤት ይሸጣል። ከኋላ በር በጆንያ የሚወጣው ሌላ ነው። ቅርብ ጊዜ ያለ ምሳሌ ከፈለጉ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጥሎ ነበር። ዋጋው ወረቀት ላይ ወረደ፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ። ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛው ጣሪያ ተነሳ።

የቀረችው ፋይዳ ናት።

ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነገር አግኝተዋል። በደርግ ጊዜ የሞተ ሰው ስም በካርድ ላይ ለዓመታት እህል ይወስድ ነበር፤ ዲጂታል መታወቂያ ይህን ይቀንሳል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይወስድም ያደርጋል። እስማማለሁ። ፋይዳ ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «አንተ ማነህ?» የሚለውን። መጋዘኑ ውስጥ ምን አለ ለሚለው መልስ የላትም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ኅብረቷን ከተማ የሌኒንግራድን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ያውቃል። ከተማዋ በጀርመኖች ስትከበብ የካርድ አሠራሯ እጅግ ጥብቅ ነበር። ሠራተኛው፣ ቢሮ የሚውለው፣ ጥገኛውና ሕፃኑ በየምድባቸው ካርድ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን ከፋብሪካ ሠራተኛ በስተቀር ለአንድ ሰው የሚደርሰው በቀን 125 ግራም ዳቦ ነበር። እሱም ንጹሕ ዱቄት አይደለም። ሰዉ በትክክል ተቆጥሯል፤ የሚሰጠው ነገር ግን አልነበረም። በዚያ ዓይነት ከበባ ውስጥ ራሽን የግድ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም። ማንም ራሽንን ፈጽሞ መጠቀም የለበትም አላልኩም። እጥረትን ያከፋፍላል እንጂ ምግብ አያመጣም ነው የምለው።

ደግሞስ ካርዱ ማንን ይመዘግባል? ዛሬ ከተማዋ ዳር ላይ ያለውን ሰው ጸሐፊው መጥተው ይዩት። በሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር ሲከፋፈል የወረዳው ነዋሪ መታወቂያ ይጠየቃል። የኛ ሰፈር ተከራይ ግማሹ መታወቂያው የመጣበት አገር ነው። አከራይ ደግሞ «በቤቴ ቁጥር አታስመዝግብ» ይላል። የግንባታ ቦታ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ አለ። የጨረቃ ቤት ውስጥ ያለው ነገ ይፈርስብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ቀበሌ አካባቢ ዝር አይልም። የቤት ሠራተኛዋ ስሟ በአሠሪዎቿ ካርድ ላይ የለም። እነዚህ ሰዎች ፋይዳ ሊኖራቸው ይችላል። የቤት ቁጥር ግን የላቸውም። በችግር ጊዜ መጀመሪያ የሚራቡትም እነሱ ናቸው። ዛሬ የሚበሉት ከጉልት በአንድ ጣሳ፣ በግማሽ ኪሎ፣ በዱቤ ነው። የጉልቷን ነጋዴ «ስግብግብ» ብለን ስናባርራት ካርድ የሌለውን ሰው አብረን አባረርነው።

ከእንግሊዝ አንድ ነገር እንውሰድ ከተባለ እኔ የምመርጠው አረንጓዴውን ደብተር ነው። ለእርጉዝ፣ ለምታጠባ እናትና ለሕፃን ወተትና አልሚ ምግብ ይሰጥ፤ ለሁሉም ሳይሆን ለእነሱ፣ የቤት ቁጥር ሳይጠየቅ፣ በጤና ጣቢያ በኩል። ለዚህ መንገዱ ተጀምሯል። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለው የተማሪዎች ምገባ ልጁን የሚያበላው ካርድ ስላለው አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ስለተገኘ ነው። የተከራይ ልጅም፣ የጨረቃ ቤት ልጅም እኩል ይበላል። ይህን ማስፋት ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከበጀት ይውጣ፤ እህሉም ገበሬው በሚስማማበት ዋጋ ይገዛ።

ጸሐፊው ሌላ ክፍል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። ጥሩ ነው፤ አነባለሁ። አንድ ነገር ግን እንዳይረሱብኝ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ለአንድ ቤተሰብ በወር ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚደርስ በዝርዝር አስልተዋል። ጤፉ ከየትኛው ወረዳ፣ ከማን፣ በኩንታል በስንት ብር እንደሚገዛ ግን የትም ቦታ አልጻፉም።